አዳራሽ ተሳስቼ ላጨበጨብኩበት ምሽት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የ«አብረን» ፓርቲ ሊቀ መንበር፤
የት እንደቆሙ ለማወቅ ስላልቻልኩ፣ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ከሳን ሊያንድሮ፣ ካሊፎርኒያ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ወገብዎ? በአንድ የምርጫ ዘመን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ የዞረ ወገብ መታሸት ሳያስፈልገው አይቀርምና፣ አላህ ምሕረቱን እንዲያወርድልዎ ከልቤ እለምናለሁ። እኛ ደኅና ነን። ከሳቅ ብዛት ጎኔን ካመመኝ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ሳቅ ነው።

ዘሐራ ይማም እባላለሁ። ትውልዴ ደሴ ነው፤ ዜግነቴ የእርስዎው አገር ነው፤ ባለቤቴ ሸረፈዲን ሚልፒታስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ካገኘ ወዲህ ግን የምንኖረው እዚህ ነው። የዚያችን የአውሮፓ አገራችንን ስም የማልጠራው ጎረቤቶቿ አውሮፓውያን «ይቺ ሴትዮ እኛን ነው የምትለው» ብለው እንዳይቀየሙ ነው። በስደት በገባሁ ጊዜ ቋንቋውን ያስተማሩኝ፣ ነርስ እንድሆን እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ የፓርቲዎ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ያኔ ስሙ «የሠራተኞችና የወንድማማቾች ፓርቲ» ነበር፤ ቀለሙም ቀይ። ሸረፈዲን ሱቅ ስለነበረው የተቃዋሚዎ፣ የ«ሥርዓትና ቁጠባ ፓርቲ» ሰው ነበር፤ ሰማያዊ። እኔ ቀይ፣ እሱ ሰማያዊ ሆነን፣ በምርጫ ሰሞን ሾርባው እስኪቀዘቅዝ እየተሟገትን፣ እጅግ ሰላማዊ ትዳር መሥርተናል።

አንደኛ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ አንደኛ ምስጋናዬ ስለ ስሙ ነው። ሠራተኛውንም ወንድሙንም ከስሙ አውጥታችሁ «አብረን» ብቻ ስታስቀሩት፣ ማን ከማን ጋር ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ የአመራርዎን ብስለት ያሳያል። ተቃዋሚዎችዎም ሳይቀደሙ «ወደፊት» ተባሉ። ቀዩን አጥበው አጥበው እነሱ ሮዝ አደረጉት፤ እናንተም ሰማያዊውን አቅጥናችሁ ወሰዳችሁ። ይህን ሁሉ እኔ ከአገር ርቄ ሳለሁ፣ ሳልረበሽ ስላከናወናችሁልኝ ባለውለታዬ ናችሁ።

ሁለተኛው ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ኢሊያስ ነው። እሱ እዚያው ቀርቷል፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለው። አለው ስል፣ ለጊዜው ማለቴ ነው። ቋሚውን ፈቃድ ሁሉ እየነጠቀ በጊዜያዊ የሚተካ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ መቅረቡን ስሰማ፣ ሊቀ መንበራችን ይቃወሙታል ብዬ ተኝቼ አድር ነበር። እንቅልፌን ስላሳመሩልኝ ይመስገኑ።

እንግዲህ ወደ ምሽቱ ልምጣ። የሁለቱም ፓርቲ መሪዎች የሲሊከን ቫሊን ቴክኖሎጂ ልትጎበኙ መጥታችሁ፣ ሳን ሆዜ በሚገኝ አንድ ሆቴል፣ በአንድ ምሽት፣ ጎን ለጎን ባሉ አዳራሾች ከአገር ውጭ የምንኖር መራጮችን ጠራችሁን። ከሐኪም ቤት የሥራ ተራዬ፣ ከሺፍቴ ወጥቼ፣ ስለ ኢሊያስ ልጠይቅዎ ጥያቄዬን በልቤ እያጠናሁ በረርኩ። ከሁለቱ በሮች ወደ ቀይ የሚያደላው መጋረጃ ያለበት የኔ ነው ብዬ ገባሁ።

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ያለ ንግግር ነበር! ተናጋሪዋ ሴት «ሠርተው የኖሩ ሰዎችን ፈቃድ የሚነካ ሕግ አንቀበልም፤ ሐኪም ቤቶቻችንን ያቆሙት እነሱ ናቸው» ስትል ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ቀረኝ የምለው እልልታ ብቻ ነው፤ እሱንም ኋላ አቀለጥኩት። ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘወር ብለው «የወደፊት አባል መሆንዎ ያስደስታል» አሉኝ። የሸረፈዲን ፓርቲ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ።

ሌባ መስዬ፣ ጎንበስ ብዬ ወጣሁና ወደ እርስዎ አዳራሽ ገባሁ። እርስዎ መድረኩ ላይ ሆነው «ትዕግሥታችን ተሟጧል፣ ሥርዓት ይቅደም» ይሉ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ ከእናንተ ጋር በበረዶ ላይ ሰልፍ የወጣሁት እሱን ለመቃወም ነበር። ከፊት ወንበር ደግሞ አንድ ሰው ሙሽራ እንደተቀበለ ያጨበጭባል። ሸረፈዲን! ከሥራው በቀጥታ መጥቶ፣ ሰማያዊ ሲያይ እንደ ልማዱ ዘው ብሎ ገብቷል።

እጄን አነሣሁ። «ወንድሜ እዚያ አድጓል፣ ሠርቷል፣ ግብር ከፍሏል፤ ሕጉን ይቃወሙልናል ወይ?» አልኩዎ። እርስዎም በዚያ በሚያምረው ፈገግታዎ «እኛ አልተለወጥንም፤ ሁኔታው ነው የተለወጠ። እንግዶቻችንን ሁልጊዜ እናከብራለን» አሉኝ። እንግዳ ያሉት እኔን ነው። የእናቶቻችሁን ገላ ያጠብኩትን፣ ቁስላቸውን የጠረግሁትን፣ የናንተኑ ፓስፖርት በቦርሳዬ የያዝኩትን።

ያኔ ሸረፈዲን ማጨብጨቡን አቆመ። ቀስ ብሎ ተነሣና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ የሚሉትን ሲሉ የኖሩት የኔ ፓርቲ ሰዎች ናቸው» አለዎት። «ለእነሱ ድምፄን ስሰጥ ግን የባለቤቴ ፓርቲ ከልክ እንዳያልፉ እንደሚከለክላቸው አውቅ ነበር። አሁን እርስዎም ይህን ካሉ ማን ሊከለክል ነው?» ረዳትዎ ጆሮዎ ላይ አንሾካሾከ፤ እርስዎም «ለጥያቄው እናመሰግናለን» አሉ።

የመጣብኝ ልቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ሆኖ ወጣ። አፌን በሻሼ ብይዘው በአፍንጫዬ መጣ። ሸረፈዲን እኔን ሲያይ ሳቁ ተጋባበት፤ ተደጋግፈን ወደ ኮሪደሩ ወጣን። እዚያም ከአንዱ አዳራሽ ወጥተው ወደ ሌላው የሚገቡ፣ ከሌላው ወጥተው የሚመለሱ፣ እንደኛው የጠፉ ሰዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። «የትኛው ነው የኛ?» ብሎ አንዱ ቢጠይቀን ሸረፈዲን «ሽንት ቤቱ በስተቀኝ ነው፤ እሱ ብቻ አልተለወጠም» ሲለው፣ እኔ ከሳቅ ብዛት ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ረኃባችንን ልናስታግሥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ኦክላንዱ ቴሜስካል ሰፈር ስንሄድ፣ እዚያው ኦክላንድ የምትማረው ልጃችን ሒክማ እዚያ ተቀላቀለችን። ሁሉንም ሰምታ «ማሚ፣ ሶ ናው ዩ ጋይስ አር ሆምለስ?» አለች፤ አሁን ቤት አልባ ሆናችሁ ወይ ማለቷ ነው። ድልድይ ሥር ድንኳን ተክሎ ብርድ የሚመታው ሰው ባለበት ከተማ ቃሉን ለራሴ መውሰዱ ነውር መሰለኝ። «አይ ልጄ፣ አከራዩ ነው ቤቱን ጥሎ የጠፋ» አልኳት።

በማግሥቱ ኢሊያስ ዘንድ ኮል አድርጌ፣ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከልቡ ሳቀ፤ ሲበቃው «እንግዲህ የሚናገርልን ከሌለ እኔው ልናገራ» አለ። እዚያ አገር የከተማ ምክር ቤት ለመወዳደር ዜግነት እንደማይጠየቅ እርስዎም ያውቃሉ፤ ይህን መብት ያስከበረው የድሮው ፓርቲዎ ነውና። ኢሊያስ ያለ ፓርቲ፣ ያለ ቀለም፣ በግል ተመዝግቧል። እኔ ከሺፍት በፊት፣ ሸረፈዲን ከሺፍት በኋላ፣ የድሮ ጎረቤቶቻችንን እየደወልን እንቀሰቅሳለን። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ሰው ስንደግፍ ይህ የመጀመሪያችን ስለሆነ፣ ማታ ማታ ሾርባውን ትኩሱን እንጠጣለን፤ የምንጨቃጨቅበት አጥተን ተፋጠን እንቀመጣለን። ትዳሬን እስከዚህ ድረስ ስላናጉብኝ የመጨረሻውን ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

የአባልነት መታወቂያዬን ከዚህ ጋር የመለስኩልዎ፣ ወገብዎ እስኪድን በጸሎት የማስብዎ፣ እንግዳ ያሉኝ ባለቤት፣
ዘሐራ ይማም
ሳን ሊያንድሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኢሊያስ በሥራው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መስመሩም በደጅዎ ያልፋል። በምርጫው ቀን መጓጓዣ ቢቸግርዎ ሳይሳቀቁ ይሳፈሩ። ተሳፋሪን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ወዴት እንደሚሄዱ ግን ለአንድ ቀን እንኳ ቁርጡን መናገር ይኖርብዎታል።