የአፕሉ ቅጠል ጊዜው ሳያልፍ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሩታ፣

የሁላ ብርድ እንዴት ይዞሻል? የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይ? ባለቤትሽ ግዛቸውስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ባለቤቴ ፅጌም ትንሹ ኦሊያድም ናፍቀሻቸዋል። በስልክ የአባባን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ስለምትዘጊብኝ ይህን በሾፌሩ በአምሳሉ እጅ ልኬልሻለሁ። ወረቀት አይዘጋም።

የአባባ ሳንባ ገና አልዳነም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳይጨርሱ ብርድ አገር ከወጡ ለሕይወታቸው ያሰጋል ብሎ በግልጽ ነግሮኛል። እሳቸው ግን የሁላውን አፕል ቅጠል ማራገፊያ ጊዜው ደረሰ ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከቤት ጠፉብኝና በባጃጅ ስፈልጋቸው ዋልኩ። ያገኘኋቸው መናኸሪያ፣ ወደ ሁላ በሚወጣው የሀገረ ሰላም መኪና ውስጥ ተቀምጠው እየሳሉ ነው። እጃቸውን ይዤ ሳወርዳቸው ሰው ሁሉ አባቱን የሚበድል ልጅ መስዬው አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌያለሁ፤ ግን እሳቸው በባዶ እግራቸውም ይሄዳሉ፣ ፈርቻለሁ።

ያ የአፕል ዘር ውርጭ እንደማይፈራ ታውቂያለሽ፤ እንዲያውም ብርድ ካላገኘ አያብብም። ችግሩ እኛ አገር ቅጠሉ በራሱ አይረግፍም። በእጅ ካላራገፉለት አያርፍም፣ ካላረፈ ደግሞ አያፈራም። ሰው ቀጥረን እናሠራ ብላቸው፣ የቀን ሠራተኛ እምቡጡን ከቅጠሉ ጋር ይመነጭቀዋል ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሩታ ትሥራው ስላቸው ግን አሻፈረኝ አላሉም።

አባባ በሽማግሌዎች ፊት የሴት እጅ አፕል ያደርቃል ያሉሽን እንዳልረሳሽ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ የአፕሉን አጥር አላልፍም ብለሽ ምለሻል፤ አልፈርድብሽም። እልሁንም ቢሆን ከእሳቸው ነው የወረስሽው። ይቅርታ በልልኝ አላሉኝም፣ የሚሉም አይመስለኝም። ግን ሥራው ካልተሠራ አባታችንን እዚህ ማቆየት አልችልም፣ ሩታ።

ትናንት ጠዋት ጓሯችን ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ጠሩኝና አይተህ ጻፍላት አሉኝ። ቅርንጫፉን በቀኝ እጃቸው ይዘው በግራቸው ቅጠሉን ይቆርጡ ጀመር፤ ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ያያያዘውን ዘንግ ትተው ቅጠሉን ብቻ፣ ከጫፍ ወደ ግንዱ እየወረዱ። ከዘንጉ ሥር ያለችው ትንሽ እብጠት የከርሞ አበባ ስለሆነች እንዳትነካ ብለዋል። ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ቅጠሉ ሲያመልጣቸው፣ አባባ በቀኝዎ አይሻልም ወይ አልኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ ሩታ ግራኝ አይደለችም እንዴ አሉኝ።

ለእማዬ፣ ለግዛቸው፣ ለልጆቹም በየስማቸው ሰላምታችንን አድርሺልን።

ወንድምሽ በርናባስ
ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.