አፈ ረጅሟ ጣሳ

ጥቅምት 4
ቄራ ያለውን ሱቅ አስረከብን። በሽታው የአባባን ምላስና ቀኝ ጎኑን ከያዘ ወዲህ ማን ይሠራበታል? ሰላሳ ዓመት የስፌት መኪና የጠገነበት ዕቃ በአንድ የእንጨት ሣጥን ተጠቃሎ መካኒሳ ገባ። ወያላው "እህት፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጫንሽው?" አለኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ገበያነሽ ደግሞ ገና በሩ ላይ፣ "ለቆራሌው ስጪልኝ" አለች። አልሰጥም!

ጥቅምት 7
አባባ ዓይኑን ከሣጥኑ ላይ አይነቅልም። አንዱን ብረት አነሳሁና "ይሄ ምንድን ነው? ቡሎን መፍቻ?" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ... አይደለም። "የመኪናው የቆዳ ቀበቶ መብሻ?" በግራ እጁ እጄን ጨበጥ አደረገ። አዎ! በግማሽ ፊቱ ሳቀ።
እኔና አባቴ ይህን ያህል ያወራነው መቼ ነው? ጤነኛ እያለ እንኳ "በላሽ?" "አዎ።" "ደህና።" በቃ፣ አለቀ።

ጥቅምት 12
ከሥራ መልስ ሁሌ ግምት ሆኗል። ዛሬ አንዱን ቆልማማ ብረት "የጥርስ መንቀያ!" ብለው እስኪያስለው ሳቀ። አክስቴ ከጓዳ "የታመመ ሰው ትገድያለሽ!" ብላ ጮኸች።
እሷ ሁሌ እንዲህ ትላለች፦ "አባትሽ አንድ ቀን አቅፎሽ አያውቅም። እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ።" እውነቷን ነው፣ አቅፎኝ አያውቅም። እናቴ እኔን በወለደች በሦስተኛው ቀን ነው የሞተችው። በዚያ ይጠላኝ ይሆን? ብጠይቀው እጄን ጨብጦ ይመልስልኛል... አዎ ቢለኝስ? ፈራሁ።

ጥቅምት 19
ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጣሳ አገኘሁ። አፏ ረጅምና ቀጭን፣ ጫፏ ላይ የደረቀ ላስቲክ። ይቺ ደግሞ ምን ግምት ያስፈልጋታል? "የመኪና ዘይት ማጠጫ!" ራሱን ነቀነቀ። "አባባ፣ ሌላ ምን ልትሆን?" ነቀነቀ። ደጋግሞ። ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። "እሺ፣ ለእኔ ትሁን" አልኩት። አሁንም ነቀነቀ። በሽታው አእምሮውንም ነካው መሰለኝ።

ጥቅምት 20
ደስ ይበለው ብዬ ጣሳዋን ዘይት ሞላኋት። ላስቲኩ ስለተሰነጣጠቀ ነቅዬ ጣልኩት። ሲጥ ሲጥ ሲል የሚውለውን በር እያየኝ ቀባሁ። "አየህ? ሠራች!" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አባባ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ምን አጠፋሁ?

ጥቅምት 27
አባባ ሞተ።

ኅዳር 6
ጋሼ አብደላ ከጅማ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ድሮ ከአባባ ጋር አንድ ሱቅ ነበሩ። "ትናንት ነው የሰማሁት" ብለው አለቀሱ። ሣጥኑን አሳየኋቸው። ጣሳዋን ሲያዩ ብድግ አደረጓት።
"እስከ ዛሬ አስቀምጧት ኖሯል?"
"ምንድን ናት፣ ጋሼ?"
"ያንቺ ናት እንጂ። በሰባት ወርሽ ነው የተወለድሽው። ጡጦው ለአፍሽ ትልቅ ሆነ፣ መጥባት አቃተሽ። አባትሽ ላቀው ቆርቆሮ ቆርጦ፣ በይዶ ይቺን ሠራ። አክስትሽ ከአገር ቤት እስክትመጣ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ ደረቱ ላይ ለጥፎሽ ወተት ሲያንጠባጥብልሽ ዋለ። ለሰው አይሰጥሽም ነበር። እኔ እንኳ ልቀፋት ብለው እምቢ አለኝ።"
ጣሳዋን አገላበጡ።
"ጫፏ ላይ ላስቲክ ነበራት። ድድሽን እንዳይወጋሽ ከዓይን ጠብታ ላይ ነቅሎ ያደረገው። የታለ?"
"ጣልኩት።"

ኅዳር 7
ቆሻሻውን ገለባበጥኩት። ላስቲኩ የለም።
ወደ እኔ ጠቁሞ ነበር እኮ... በጣቱ! ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? እኔ ግን ከእኔ በላይ ላሳር ብዬ በዓይኑ እያየ ዘይት ሞላሁባት።
ጣሳዋን በፈላ ውሃና በሳሙና ሦስቴ አጠብኳት። አሸተትኳት። አሁንም ዘይት ዘይት ትላለች። አራተኛውን ውሃ ስጥድ አክስቴ ብቅ አለች።
"ደግሞ ምን ልታጥቢ ነው?"
"ጡጦዬን" አልኳት።