የአባባ የዛፎች ድረ ገጽ

ለምወድህ ወንድሜ ክብሩ፣

የጌታ ሰላም እስከ ጅግጅጋ ይድረስህ። እኛ ሀዋሳ ደህና ነን፤ አባባም በደንብ ይበላሉ።

አርባ ዓመት ስለ ዛፎች ያስተማሩትን እንዲጽፉበት ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። በዊኪ ሶፍትዌር ስለሆነ አንባቢ ሁሉ ገጹን ከፍቶ ማረምና መጨመር ይችላል። ከይርጋለም አንድ የማናውቃቸው ገበሬ የአርባ ዛፎችን የሲዳምኛ ስም ጨመሩበት፤ አባባ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የተሰረዘ ነገር አለመጥፋቱ ነው። አንዲት ፊደል ብትቀይር እንኳ የቀድሞው ጽሑፍ ከነሰዓቱ ይቀመጣል።

ማክሰኞ ይህንን የለውጦች ዝርዝር ከፈትኩት። አባባ የብርብራ ዛፍን ገጽ በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ እንደ አዲስ ጽፈውታል። አምስቱም ሲያምሩ፣ ክብሩ። የመጀመሪያውን አሳየኋቸው።

«ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የጻፈው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ስማቸውን ስክሪኑ ላይ በጣታቸው ነኩት፤ ፈገግ አሉ።

ትናንት ደግሞ ስለ ራሳቸው በሚናገረው ገጽ ላይ «ሁለት ልጆች አሉኝ» የሚለውን «አንዲት ልጅ አለችኝ» ብለው አርመውት አገኘሁ። የቀድሞውን መለስኩት፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። ምንም አልነገርኳቸውም።

ፈቃድህን ለገና ከምታቆየው በዚህ ወር ብትወስደው ምን ይመስልሃል? የአውቶቡሱን ቀን ብቻ ላክልኝ፣ መናኸሪያ እኔና አባባ እንቀበልሃለን። እስክንገናኝ እግዚአብሔር በቸር ያቆይህ።

እህትህ ሮሆቦት