ለዝናቡ ጸሎት ሲባል ስለተቆለፈው ቧንቧና ስለሚነጠቀው መደባችን

ለተከበሩ ጋሽ መንገሻ
የቤተ ክርስቲያናችን የጓሮ አትክልት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፎረስት ሎን፣ ካልጋሪ

በዚህ አናት በሚበሳ ሙቀት ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቧንቧው ቁልፍ የሚንጠለጠልበት አንገትዎ ደኅና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከውሃ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ይህን የሚጽፍልዎ ሰው በካናዳ ምድር ከበቀለው ጎመን ሁሉ ትልቁን ያበቀለ ሰው ነው። ካናዳ ስል ካልጋሪን ማለቴ ነው፤ ካልጋሪም ሰፊ ስለሆነች ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ካሉት መደቦች መካከል ቢባል ይበቃኛል፤ እዚያም ቢሆን የመደብ ጎረቤቴ የይርጋለም ጎመን ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን የሰው ጎመን የመለካት ልማድ የለኝም። የማታ ትምህርቴን በቅርቡ ስለጨረስኩ፣ ያስተማሩን እትዬ ምሥራችም ፊደል የቆጠረ ሰው ብሶቱን በየደጃፉ አያዝረከርክም፣ አርፎ ተቀምጦ ይጽፋል ስላሉን፣ እነሆ አርፌ ተቀምጬ ጻፍኩ። አንዱን ቅጂ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ሌላውን እትዬ ውብነሽ ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩት የእርስዎ ቅጂ ድንገት ቢጠፋ ብዬ በማሰብ ነው እንጂ ሌላ ክፉ ሐሳብ የለኝም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ተሸንሽኖ ለየቤተሰቡ አንዳንድ መደብ ተሰጥቶናል። ሙቀቱ ሲጠና ኮሚቴዎ የዝናብ ጸሎት አወጀ፤ መልካም አደረገ። በዚያው ቀን ደግሞ፣ እየጸለዩ በጎማ ማጠጣት የእምነት ጉድለት ነው ተባለና ቧንቧው ተቆለፈ። እኔ ውሃ በጄሪካን አመላልሼ ሳጠጣ ተያዝኩ፤ መደባችንም ከመጪው እሑድ ጀምሮ ለወልዴ ቤተሰብ እንዲሰጥ ተወሰነ። ስለዚህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ቧንቧው አመሰግናለሁ። ቧንቧው ባይቆለፍ ኖሮ ምስር የታጠበበት ውሃ ጎመን እንደሚያፋፋ በምን አውቅ ነበር? ባለቤቴ ሮማነወርቅ ቤት ውስጥ እህልና አትክልት የታጠበበትን ውሃ ሁሉ ታጠራቅማለች፣ እኔ ከምንኖርበት ሰፈር ከታራዴል ድረስ በመኪና አመጣለሁ። አንድ ቀን አንዱ ጄሪካን መንገድ ላይ ተደፋና መኪናዬ እስከ ዛሬ የከረመ ምስር ትሸታለች። ፓርክ ባደረግኩበት ሁሉ ሰው ዞር እያለ ያየኛል። ይህን ያህል ታዋቂነት ያገኘሁት በእርስዎ ነው።

፪. ስለ ጸሎቱ። ጸሎቱ አልተሰማም የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። እርስዎ በዚያ በሚያምር ድምፅዎ፣ ጌታ ሆይ ሰማይህን ክፈት፣ ሳትቆጥብ ላክልን አሉ፤ እኛም ጣሪያው እስኪነቃነቅ አሜን አልን። አልቆጠበም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና የዶሮ እንቁላል የሚያክል በረዶ ላከልን። የእርስዎ ቲማቲም ድስት ሳይጣድ ስልስ ሆነ፤ የይርጋለም ጎመንም እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ጸሎት የሚመራን ሽማግሌ ለማረም አልደፍርም፤ ነገር ግን በካልጋሪ ከላይ የሚወርድ ነገር ሲለመን ዓይነቱን ገለጽ ማድረግ ሳይሻል አይቀርም።

፫. ስለ አንሶላው። ሮማነወርቅ ገና ደመናው ከሩቅ ብቅ ሲል የአልጋችንን አንሶላ ሁሉ ገፍፋ፣ እንጨት ተክላ መደባችንን እንደ ድንኳን ሸፈነችው። በዚህ ምክንያት የእኛ ብቻ ተረፈ፤ ኮሚቴው ግን ይህንም እንደ ሁለተኛ ጥፋት ቆጥሮታል አሉ፤ ጉባኤው ሁሉ ሲመታ የእናንተ ብቻ ለምን ቆመ ተብሏል። ጋሽ መንገሻ፣ እስቲ ረጋ ብለው ያስቡት። ከዚያ ሁሉ አሜን ባይ መካከል ሰማዩ በእርግጥ ይከፈታል ብሎ ያመነና የተዘጋጀ ማን ነው? ሹመት በእምነት ቢሆን ኖሮ የቧንቧው ቁልፍ በሮማነወርቅ አንገት ላይ ነበር።

፬. ይህኛው ቀልድ የለበትም፣ ወይም ያለው ትንሽ ነው። እንደሚያውቁት ዘመኑ የነዳጅ ነው፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ሰሜን ይጎርፋል፤ እኔም እዚያው የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ነው የምሠራው። ሺፍቴን ጨርሼ ስመጣ ልጆቼን የማያቸው ለጥቂት ቀን ነው። ማየት ካሉት ማለት ነው። ቤታችን በዚህ ሙቀት ምድጃ ነው፤ ልጄ አሞጽ ቤዝመንት ወርዶ ከጌሙ ጋር ይቀበራል፣ እህቱ ናሆሚ በሯን ዘግታ ፋኗን ታቅፋለች፣ እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ ከቴሌቪዥኑ ጋር አወራለሁ። ወደ ማታ ግን እራታችንን ቋጥረን መደባችን ላይ ስንሄድ ሌላ ቤተሰብ እንሆናለን። ናሆሚ እጇን አፈር ውስጥ ከትታ፣ ዳዲ ይሄ አረም ነው ወይስ ፉድ ትለኛለች። በሶብላ ነው፣ አሽተሽ እይው ስላት፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ሽሮ ሽሮ ይላል ትላለች። በዚህ ጊዜ ያ ቤት ውስጥ የስ እና ኖ ከማለት በቀር የማይተነፍሰው አሞጽ ቀና ብሎ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ሆድሽን ነው የሚያስታውስሽ አላት። በአማርኛ! እህቱን በአማርኛ ተረባት! እኔ ልጄ ሲያወራ ለመስማት ያን ሁሉ ጄሪካን ተሸከምኩ እንጂ ጎመንማ በየሱቁ አለ። ወልዴ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ቤቱ ነው፣ ቤቱም ኤሲ አለው።

፭. ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። መደባችንን ውርጭ እስኪጥል ድረስ ይተዉልን። ከዚያ በኋላ ስኖው ሲከመርበት ለወልዴም ሆነ ለወደዱት ሰው በሙሉ ስፋቱ ያስረክቡት፤ እኔም በደስታ አጨበጭባለሁ። ስድስተኛውን ያልጻፍኩት በደሌ አልቆ ሳይሆን በግዕዝ ስድስትን ስጽፍ እጄ ስለሚጠማዘዝብኝ ነው።

ቧንቧውን በመቆለፍ ለእምነታችን፣ ሰማዩን በማስከፈት ለቲማቲማችን ስላደረጉልን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ መልካም ዝናብም እንዲሰጥዎ፣ ዝናቡም ፈሳሽ እንዲሆን እመኛለሁ። ባለቤቴ ሮማነወርቅም የከበረ ሰላምታዋን ታቀርብልዎታለች።

እስከ እሑድ ድረስ ባለመደብ የሆነው
ትሑት ልጅዎ ታደገ

ማስታወሻ፦ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በረዶውን ጨምሮ እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት የሮማነወርቅን ሰላምታ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሳነብላት፣ የምን ሰላምታ፣ ተነስ እራቱ ይቀዘቅዛል ብላ ልጆቹን መኪና ውስጥ ከተተች። እሑድም እዚያው ስለምትሆን መደቡን የሚረከብ ሰው ካለ ከራሷ እጅ ይረከብ ብላለች። ይህንኑ ለወልዴ ኮል አድርጋ ነግራዋለች፤ እሱም ጎመን ድሮም ሆዱን እንደሚነፋው ወዲያው ትዝ ብሎታል።