ከክሪክ ሥር ጣውላ ማስቀመጥ በመከልከሉ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ወይዘሮ ዶሎረስ ክራንደል
የድራይ ዌል የቤት መኪና ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ
አሪዞና

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ያለ እረፍት እንዲሠራልዎ፣ እንቅልፍዎም የእኛን ስሞታ እንደማይሰማው ጆሮዎ ከባድ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ አርዲስ ከነወገብ ሕመማችን ደህና ነን። የሰሜን ዳኮታን በረዶ እየሸሸን በመኪና ላይ ከተሠራው ቤታችን ጋር እርስዎ ዘንድ፣ በፊተኛው ረድፍ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስንከርም ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመታችን ነው። ይህን ደብዳቤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት ምስጋናዬ በእርስዎና በእኔ መካከል ተደብቆ እንዳይቀር በመስጋት ነው።

አንደኛ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ በየበራችን ስላስቀመጡት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ከጎማና ከክሪክ ሥር ጣውላ መደርደር የማረፊያውን ገጽታ እንደሚያበላሽ፣ አዲስ ገቢዎች ከዚያው ቀን ጀምሮ፣ እኛ ነባሮቹ ደግሞ ክረምቱ ሲያበቃ ጣውላችንን እንድናስወግድ፣ በሚመጣው ዓመትም ፊተኛው ረድፍ አዝራር ሲጫኑት ራሱን ለሚያስተካክል ቤት መኪና ብቻ እንደሚሰጥ ይገልጻል። አስቀያሚ መሆናችንን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብቀውን ስላቆዩ ትዕግሥትዎን አደንቃለሁ።

የእኛ አቋቋም እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። እኔ መሪው ላይ እቀመጣለሁ፤ አርዲስ ውጭ ቆማ ጣውላው ላይ ምን ያህል እንደምወጣ በእጇ ታሳየኛለች። ከዚያ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ያስቀመጥነውን ውሃ ልክ አይቼ የውሃ ልኩ አረፋ መሐል እንዳልገባች እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ቀድሞውኑ ቁም ስልህ አልቆምህም» ትለኛለች። ቤቱ ቀጥ ካለና ጎማው በታኮ ከታሰረ በኋላ ብቻ እንደ መሳቢያ ተገፍታ የምትወጣውን ያችን አንዲት ክፍላችንን እናወጣለን። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ይህንኑ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ጎረቤቶች ወንበር አውጥተው ሲመለከቱን የቆዩት ለገጽታው አዝነው እንደነበር የገባኝ ከማስታወቂያዎ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ቁጥር አሥር ላይ ስላስገቡልን ጎረቤት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ዋረን ፒከት ከኦሪገን ብቻቸውን ነድተው መጡና፣ ሦስት ቤት የሚያህለውን መኪናቸውን አቁመው አንድ አዝራር ተጫኑ። አራቱ ክሪኮች ወረዱ፤ መኪናው እንደምታዛጋ ላም ትንሽ ተነቃነቀና ቀጥ አለ። ከዚያ አራት ክፍሎች፣ አዎ አራት፣ በየአቅጣጫው ወጡ፤ አንደኛው የእኛን የማለዳ ፀሐይ ይዞብን ወጣ። ሁሉም ነገር ለማለቅ አራት ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

አርዲስ እጇን አጣጥፋ ስትመለከት ቆይታ፣ «አየኸው ሮላንድ? ሰውዬው ድምፁን እንኳ አላሰማም» አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ እኔ አርባ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የጠገንሁ ሰው ነኝ፤ በሰው ሞተር ቀንቼ አላውቅም። በዚህኛው ግን ቀናሁ። ሰውዬው በሌለበት ሰዓት የወጡትን ክፍሎች በእርምጃዬ ለካሁ። አርዲስ የፖም ኬክ ስትጋግር ግማሹ ወደ ቁጥር አሥር መሄዱን ቆጠርሁ። ዋረን በትህትና ሰላም ሲለኝም፣ ቅን ሰው መሆኑ ራሱ አበሳጨኝ፤ ቢያንስ ትዕቢተኛ ሆኖ ቢያግዘኝ ምን ነበረበት። ማታ ማታ የሚጸልይ ሰው ስለሆንሁ፣ አንደኛው ክሪክ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ እንዲሰምጥ መመኘቴንም እናዘዛለሁ።

ሦስተኛ፣ ምኞቴን በመፈጸም ረገድ ስለተጫወቱት ሚና ሳላመሰግን ባልፍ ወዳጅነታችንን መካድ ይሆንብኛል። ዋረን በመጣ ዕለት ከክሪኮቹ ሥር የሚያኖረውን ጣውላ አውጥቶ ሳለ እርስዎ በቦታው ተገኝተው መልሰው እንዳስጫኑት ነግሮኛል። እሱም ታዛዥ ሰው ስለሆነ ብረቱን በባዶ አሸዋ ላይ ተከለው።

በጥር አጋማሽ ከቀትር በኋላ ያ ዝናብ ሲመጣ እርስዎ ከተማ ስለነበሩ ላጫውትዎ። የፊት ቀኙ ክሪክ በረጠበው አሸዋ እስከ ጉልበቴ ድረስ ሰመጠ። መኪናው ተንጋደደ። ዋረን ነፋሱን ፈርቶ የመኝታ ክፍሉን ወደ ውስጥ ሊመልስ አዝራሩን ሲጫን ክፍሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀረቀረ፤ የሚገባበት ክፈፍ ስለተጣመመ መግባትም መውጣትም እንቢ አለ፤ በላይኛው ክፍተት ውሃው አልጋው ላይ ይወርድ ጀመር።

እኔ በመስኮት አየሁት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ወንበሬን አስጠግቼ ልመለከት ነበር። ከዚያ ዋረን በር ላይ ብቅ አለ፤ የአልጋ ልብስ በደረቱ አቅፏል፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጅ የተሰፋ። የጨነቀው ስለ ራሱ መርጠብ ሳይሆን የአልጋ ልብሱን እንዴት ከዝናቡ እንደሚያድነው ነበር። አርዲስ ቢጫ የዝናብ ልብሷን ለብሳ ወጣች። እኔም ከእነዚያ ገጽታ አበላሽ ጣውላዎች ትርፎቹን ከቤታችን ሥር ይዤ ተከተልኋት።

ዋረን ክሪኩን አነሳልኝ፤ እኔ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ ጣውላውን አጠላልፌ ደረደርሁ፤ አርዲስ ዝናብ ላይ ቆማ በእጇ ከፍ፣ ዝቅ፣ ቁም ታሳየው ጀመር። ቤቱ ቀጥ ሲል ክፍሉን በእጅ የሚያስገባውን መዘውር ይዤ ጥርስ በጥርስ እያዞርሁ ወደ ቦታው መለስሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብን።

በኋላ የአልጋ ልብሱ እንዲደርቅ እኛ ቤት ተዘርግቶ ሳለ፣ እኔ በአዝራሩ ላይ አንድ የተዘጋጀ ቀልድ ነበረኝ። ዋረን ቀደመኝ።

«ይህን የሰፋችው ባለቤቴ ሊራ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው» አለ። «በፊት እሷ ነበረች ውጭ ቆማ የምታሳየኝ። ከሷ በኋላ ለብቻዬ ማቆም አቃተኝ፤ ይህን መኪና የገዛሁት ለዚያ ነው። እናንተ ስትጨቃጨቁ መስኮቴን ከፍቼ ነው የማዳምጣችሁ። እንዳትቀየመኝ ሮላንድ፣ ክፉኛ ቀንቼብሃለሁ።»

ቀልዴን ዋጥሁት። አርዲስ ኬኩን ቆረሰችለት፤ እኔም ስንት ቁራሽ እንደበላ አልቆጠርሁም።

አራተኛ፣ ከከተማ እንደተመለሱ ለሁለታችንም ስለላኩልን ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ። ዋረን ያልተፈቀደ ጣውላ በክሪኩ ሥር በመገኘቱ ተገሠጸ። እኔ ደግሞ ጣውላውን በማቀበል ተባባሪ ሆኜ ስለተገኘሁ በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ኋለኛው ረድፍ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ እንድዛወር ታዘዝሁ። ዋረን ግሣጼውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ እሱም አብሮኝ እንደሚሄድ ነገረኝ። ፊተኛው ረድፍ ሁለት ቦታ ስለተለቀቀልዎ እንኳን ደስ አለዎ።

ትናንት ከሰዓት ተዛወርን። የእኛን ቤት እንደ ልማዳችን ለሃምሳ ደቂቃ ተጨቃጭቀን አቆምነው። ከዚያ ዋረን አዝራሩን ሳይነካ መስኮቱን አወረደና፣ «አርዲስ፣ ካላስቸገርሁሽ ለእኔም ቁሚልኝ» አላት። ቆመችለት። እጇን ስታነሳ ጣውላዬ ላይ ወጣ፤ ስታወርድ ቆመ፤ በመጀመሪያው ሙከራ አረፋዋ መሐል ገባች። አርዲስም በሙሉ ድምጿ «ጎበዝ!» አለችው።

ይህን ቃል በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብላው አታውቅም። ስለዚህ ቅናቴ አልጠፋም፤ ከመኪናው ወርዶ ወደ ሚስቴ አፍ ተዛውሯል። ይህንንም የእርስዎ መልካም አስተዳደር ፍሬ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የእግርዎን አቧራ ለመጥረግ እንኳ የማይበቃ፣ ከገንዳው አጠገብ ሆኖ በየማለዳው የሚያስታውስዎ፣ ትሑት ከራሚዎ

ሮላንድ ትቬት
(የቀድሞው ቁጥር ዘጠኝ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በቢሮዎ በር ሥር ለማስገባት ሳጎነብስ፣ ቢሮዎ ራሱ የቆመው በስድስት የጣውላ ቁልሎች ላይ መሆኑን፣ ከእነሱም ሁለቱን ምስጥ እንደበላቸው ተመለከትሁ። እስኪፈቀድልዎ ድረስ ከእኔ ሁለት ደህና ጣውላ ደጃፉ ላይ ትቼልዎታለሁ፤ ሲያስገቡ ውጭ ቆሞ የሚያሳይዎ ሰው ካጡ ባለቤቴ በደስታ ትቆምልዎታለች፤ «ጎበዝ» እንድትልዎ ግን ዋስ አልሆንም።