«ሳይኖር» የተባለው ዓምድ

ለክቡር አቶ እንድርያስ
የቀበሌያችን የቤተሰብ ምግብ ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የምግብ ፍላጎትዎን መልካምነት ከልብ እመኛለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን የምመኘው ለወጉ ያህል ሳይሆን፣ ባለፈው መስከረም በገዛ ዓይኔ አይቼ ስላደነቅሁት ነው።

የምጽፍበት ምክንያት አጭር ነው። ኮሚቴዎ የአባቴን የአቶ ዋለን ቤተሰብ «ራሱን ችሏል» ብሎ ከወርሃዊው የምግብ ድጋፍ መዝገብ ሰርዞታል። ስረዛው የተመሠረተው እኔ በጻፍሁት ወረቀት ግማሽ ላይ ነው። የሦስት ዓመት እህቴ ጣቢታ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እየከሳች ነው። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍሁትም ሙገሳዎ በግልጽ ስለተነገረ ነው፤ በባነር ታትሞ በቀበሌው በር ላይ ለተሰቀለ ምስጋና በታሸገ ፖስታ መልስ መስጠት ነውር መስሎ ታየኝ።

ለማያውቁን አንባቢያን ጥቂት ልበል። በቤታችን አምስት ነን። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከፎቅ መወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ የሚጓዘው ከአልጋው እስከ ደጃፉ ብቻ ነው። እናቴ ወይዘሮ አባይነሽ ገበያ ላይ ቆጮ ትሸጣለች። ወንድሜ ሆሴዕ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ቁመቱ በየወሩ ስለሚጨምር ዕቅዴን ከሁሉ አብልጦ የሚያፋልስብኝ እሱ ነው። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ እስካገኝ ድረስ የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ። ጣቢታ ደግሞ ገና መብላትና መጫወት ብቻ የሚጠበቅባት ሰው ነች።

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተዋስሁት የሥነ ምግብ መጽሐፍ እየታገዝሁ ለቤታችን የሳምንት የምግብ ዕቅድ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌአለሁ። ዕቅዱ ሁለት ዓምዶች አሉት፤ በግራ በኩል «ሲኖር»፣ በቀኝ በኩል «ሳይኖር» ይላል። ረቡዕ ሲኖር የአተር ክክ ወጥ ነው፤ ሳይኖር የተቆላ በቆሎ ነው። ቅዳሜ ሲኖር ቆጮ በጎመንና በአይብ ነው፤ ሳይኖር ቆጮ በቃሪያ ነው። እሑድ ሲኖር እንቁላል ነው፤ ሳይኖር «ከቤተ ክርስቲያን በዝግታ መመለስ» ይላል፤ በዝግታ የተመለሰ ሰው ምሳውንና ራቱን በአንድ ማዕድ ይጨርሳልና። ከሥር አንድ ደንብ አለ፦ «ከየትኛውም ዓምድ ብንበላ የጣቢታ ድርሻ አስቀድሞ ይወጣል።» የኮሚቴው ዱቄት፣ ክክና ዘይት ይመጡልን በነበረበት ጊዜ በወር ውስጥ ሃያ ቀን ያህል በግራው ዓምድ እንኖር ነበር። ካለፈው ጥቅምት አንድ ጀምሮ እስከ ዛሬ ወደ ግራው የተሻገርነው አራት ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

፩. ስለ ትከሻዎ

መስከረም 14 ቀን ቤታችንን ለመገምገም በመጡ ጊዜ ዕቅዱን አይተው እጅግ ተደሰቱ፤ «እንዲህ ነው የተማረ ልጅ!» ብለው ከወረቀቱ አጠገብ ቆመው ፎቶግራፍ እንዲነሡ ፈቀዱ። በስልክዎ ያነሣሁዎት እኔ ራሴ ስለሆንሁ የጥፋቱ ተካፋይ መሆኔን አልክድም፤ ፊትዎ ላይ ብርሃን እንዲያርፍ ስጨነቅ የቀኙ ትከሻዎ «ሳይኖር» የሚለውን ዓምድ ከሰኞ እስከ እሑድ እንደ ሸፈነው ልብ አላልሁም። ኮሚቴዎ ያንን ፎቶግራፍ አሳድጎ «ሞዴል የምግብ ዕቅድ፦ በአነስተኛ ገቢ ሰባት ቀን፣ ሰባት ዓይነት» በሚል ርዕስ በባነር አሳተመው። በአንድ ትከሻ ይህን ያህል ረኀብ መጋረድ እንደሚቻል በየትኛውም የሥነ ምግብ መጽሐፍ አላነበብሁም።

ጥቅምት 11 ቀን በቀበሌው አዳራሽ ለእናቶች በተሰጠው ሥልጠና ዕቅዱን እንዳብራራ መጋበዜን በአክብሮት አስታውሳለሁ። ጎረቤታችን ሃቢባ ከኋላ ተነሥታ «ርብቃ፣ እንቁላሉንስ አየሁት፤ ዶሮዋ የት ነው ያለችው?» ብላ ስትጠይቅ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም መልሱ ከእርስዎ ትከሻ ጀርባ መሆኑን ለማስረዳት አፌን ስከፍት፣ እርስዎ ማይክሮፎኑን በፈገግታ ተቀብለውኝ «እህታችንን በጣም እናመሰግናለን፤ ሰዓት ስለገፋብን ወደ ምስክር ወረቀቱ እንለፍ» አሉ። ስለ ሰዓት ያለዎትን ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ሃቢባ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችም።

፪. ስለ ቅቤያችን

በግምገማው ቅጽ ላይ «በቤቱ ውስጥ በማሰሮ ሙሉ የተነጠረ ቅቤ ተገኝቷል» ተብሎ መጻፉን ከሰማሁ በኋላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ነገሩ ፍጹም እውነት ነውና። ቅቤ ነበረ። ማሰሮውም ሙሉ ነበረ። ሐሰት ቢሆን ኖሮ መልስ መስጠቱ እንዴት በቀለለኝ!

ክቡር ሆይ፣ ግምገማው የተደረገው የሐዲያ ዘመን መለወጫችን ያሆዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። በእኛ አገር በዚያ ሰሞን የቅቤ ማሰሮ የሌለው ቤት ብፈልግ የማገኘው ሰው የማይኖርበትን ብቻ ነው። እናቴና ሰባት ሴቶች የቅቤ እቁብ አላቸው፤ እያንዳንዷ ከጉሮሮዋ ቀንሳ አንድ አንድ ሲኒ ቅቤ ታዋጣለች፤ ተራ የደረሳት ወስዳ በዓሏን ትውልበታለች፤ የተረፈውንም ሸጣ ቀዳዳዋን ትደፍንበታለች። የእናቴ ተራ የደረሰው በዚያ ሳምንት ነበር። ላም የላትም፤ ሲኒዋን የምትሞላው ከቆጮ ሽያጯ ላይ እየቆነጠረች ገዝታ ነው። ያ ማሰሮ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ነበር፤ ገሚሱም ለሆሴዕ ዩኒፎርምና ደብተር ከበዓሉ በኋላ ወደ ሾኔ ገበያ ሄዷል። የሾኔ ገበያ እንደደረሰ ግን የሚገመግመው ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለአንድ የውጭ እንግዳ ማስረዳት ቢኖርብኝ ባልተገረምሁ ነበር። እርስዎ ግን ከሀቢቾ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር እንዳደጉ፣ እናትዎም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከቅቤ እቁባቸው እንዳልቀሩ በዚያው ዕለት እኛው ቤት ተቀምጠው በናፍቆት አጫወቱን። እናቴም ወግዎ ልቧን ነክቶት፣ ለበዓሉ ካሰበችው ቡላና ከዚያው ማሰሮ ቅቤ ላይ ቀንሳ አተካና ሠርታ አቀረበችልዎ። አንድ ጊዜ በሉ፤ «ጨምር ወንድሜ፣ አፈር ስሆን» ብትልዎ ሁለተኛ በሉ፤ ከዚያም እጅዎን እየታጠቡ «እህት አባይነሽ፣ እናንተ ቤትማ ጥጋብ ነው!» አሉ። እኛ ምርቃት መስሎን አሜን አልን። በቅጹ ላይ «ቤተሰቡ በጥጋብ ላይ ይገኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሆኖ እንደሚመለስ ብናውቅ ኖሮ አሜን ከማለታችን በፊት ቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቅ ነበር።

፫. ስለ ክብራችን

ከሥልጠናው በኋላ በመስታወት ፍሬም የተቀመጠ የምስክር ወረቀት ሰጥታችሁናል፤ ከልብ እናመሰግናለን። አባቴ ከአልጋው ሆኖ በየማለዳው ያነብበዋል። አንዲት ጎረቤታችን በሳምንት ሁለት ቀን ለጣቢታ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት ትልክልን ነበር፤ ባነሩን ካየች በኋላ «እናንተማ አልፎላችኋል» ብላ ወተቱን ወደ ባሰበት ቤት አዙራዋለች። ልቀየማት አልችልም፤ ያነበበችውን አምና ነው። ክብራችን ከፍ ባለ መጠን ብርጭቋችን እንደሚጎድል ግን በሥልጠናው ላይ አልተነገረንም ነበር።

፬. ስለ ጣቢታ ክንድ

በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትርሲት የሕፃናትን ክንድ የምትለካበት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ አላት፤ አረንጓዴ ደኅና ማለት ነው፤ ቢጫ ተጠንቀቁ ማለት ነው፤ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በመስከረም ወር ጣቢታ አረንጓዴው ላይ ነበረች። ኅዳር 4 ቀን ቢጫው ላይ ናት። ትርሲት ሁለት ጊዜ ለካቻት፤ ሁለተኛውን ጊዜ የለካቻት እኔ ስለለመንኋት ነው። ደንቡን ያወጣሁ፣ ድርሻዋን በየዕለቱ አስቀድሜ የማወጣ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ከቂጣና ከቃሪያ ላይ አስቀድሞ የሚወጣ ድርሻ ያው ቂጣ ነው። ቃሪያውንም እንኳ አትበላውም። እናቴ ጥብጣቡን ካየች ወዲህ የራሷን ጉርሻ ለጣቢታ እያጎረሰች «ጠግቤአለሁ» ትላለች፤ እኔም ያመንሁ እመስላለሁ።

በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ለስብሰባ ወደ ዱራሜ መሄድዎን የነገሩኝ ጸሐፊዎ፣ ቅሬታ መቅረብ የነበረበት ምስክር ወረቀቱ በተሰጠ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደነበር፣ በቃለ ጉባኤውም ላይ «ቤተሰቡ ውሳኔውን በጭብጨባ ተቀብሏል» ተብሎ መስፈሩን በትሕትና አስረዱኝ። ልክ ናቸው። ምስክር ወረቀቱ ሲሰጠን አጨብጭበናል። እናቴ ያጨበጨበችው ጣቢታን በክንዷ ታቅፋ ስለነበር በአንድ እጇ ጭኗን እየመታች እንደነበረ ግን ቃለ ጉባኤው አይገልጽም።

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ የምጠይቅዎ ምሕረትም ውለታም አይደለም፤ ያዩትን ግማሽ ወረቀት ሙሉ አድርገው እንዲያዩት ብቻ ነው። ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያለ ፎቶግራፍ፣ ትርሲትን ከነጥብጣቧ አስከትለው ወደ ቤታችን ይምጡ። ማሰሮውን ከፍተው ይዩ፤ ክዳኑን እኔ አነሣልዎታለሁ። ከዚያም የቀጣዩ ስድስት ወር መዝገብ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን የሚዘጋ በመሆኑ፣ ቤተሰባችን ወደ መዝገቡ መመለሱን የሚገልጽ ውሳኔ እስከ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲሰጠን እጠይቃለሁ። ውሳኔው «አይመለስም» ከሆነም በዚያው ሰዓት በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ያንን ወረቀት ይዤ የምሄድበትን ቀጣይ ቢሮ አድራሻ አውቀዋለሁ፤ በዝግታም አልሄድም።

በሰባት ቀን ሰባት ዓይነት ምስጋና፣ ትከሻዎ ሳይጎብጥ ረጅም ዕድሜ እንዲኖርዎ እየተመኘሁ፣ በሞዴልነታችን እጅግ የከበርን የአምስት ሰዎችን ሰላምታ አቀርባለሁ።

ርብቃ ዋለ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ግልባጭ
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለሃቢባ

ከደብዳቤው የቀረ፦ የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ጋር መልሼአለሁ። ወረቀቱ ወፍራምና ጥሩ ስለሆነ በጀርባው ላይ «ሳይኖር» የሚለውን ዓምድ ከሰኞ እስከ እሑድ በእጄ ገልብጬበታለሁ፤ ባነሩ ሲታደስ ይረዳችኋል። አንድ ነገር ደግሞ በብርቱ አደራ እላለሁ፤ ማክሰኞ ሲመጡ እባክዎ ምሳዎን በልተው ይምጡ። እናቴን ያውቋታል፤ እንግዳ ደጇን ረግጦ ባዶ አፉን አይመለስም፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ አስቀድሞ ወጥቶ የሚቀመጠው የጣቢታ ድርሻ ብቻ ነው።