ቁስለኛዋ ዶሮ በአንተ ክፍል

ልጄ፣ ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ ባለህበት እጅህ አይዛል። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህሩ ነው። «እንዳታሳምረው፣ እንደተናገርኩት ጻፍ» ብዬዋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። የእናትህን ቀይ ዶሮ ግን ውሻ ገብቶ ጀርባዋን ቦጨቀው። ላባዋን በመቀስ ከርክሜ፣ ቁስሉን በለብ ያለ የጨው ውኃ አጥቤ ማር ቀባሁላት። እጄ አርጅቷል እንጂ ሥራ አልረሳም። ሌሎቹ ዶሮዎች ደም ሲያዩ ቁስሏን ይነቁሯት ጀመር። ለብቻዋ የምትሆንበት ቦታ ደግሞ የአንተ ክፍል ብቻ ነው።

እናትህ ያንን ክፍል አንተ ከሄድክ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ከፍታ አታውቅም። «ዶሮ በልጄ አልጋ ሥር?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ራሷ ከፈተችው።

ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። እህል አልነካችም፣ ቁስሉም ሸትቷል፤ የምትተርፍ አይመስለኝም። እናትህ ግን ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣ «ትንሽ ቅመሺ፤ ልጄም ሲታመም እንዲህ ነበር» ትላታለች።

ለምኜህ አላውቅም፤ አሁን ልለምንህ። የምትመጣ ከሆነ ወለሉን እኔው አጥብልሃለሁ። የማትመጣ ከሆነ ግን ለእኔ ብቻ በመምህሩ በኩል ንገረኝ። ይህቺ ብትሞት ሌላ ዶሮ አስገባበታለሁ፤ እናትህ ክፍሉን ዘግታ ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ እንዳታስረው።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

አባትህ